አንድ ላይ የተሰፋው ልጅ

አንድ መጽሐፍ አከራይ ነበር። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ወርዷ ከአንድ በር ብዙም አይበልጥም። ስሙ ልሳነወርቅ ሲሆን የከተማው ወጣት ሁሉ ጋሽ ልሳኑ ይለዋል።

ጋሽ ልሳኑ አንዲት የማትታጠፍ ሕግ ነበረችው። መጽሐፍ የሚወስድ ሰው መታወቂያውን መያዣ ያስቀምጣል፤ መጽሐፉ ሳይገባ መታወቂያው አይወጣም። የቀበሌ ሊቀመንበር ይምጣ የገዛ እህቱ ልጅ፣ ለማንም አያዳላም። ስለዚህ የጠረጴዛው መሳቢያ በተሳበ ቁጥር የከተማው ወጣት ፊቱን ኮስተር አድርጎ ከውስጥ ያያል። መታወቂያ ላይ የሚስቅ የለም መቼም።

ደንበኞቹ አብዛኞቹ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። ሥራ ፈላጊ ጊዜ አለው፤ ያነባል። መደርደሪያው ላይ የፍቅርም የወንጀልም መጽሐፍ ሞልቷል፤ እነሱ ግን ደጋግመው የሚጠይቁት የወጣት ወንዶችን ሕይወት የሚተርኩ ሦስት መጻሕፍትን ነበር። አንደኛው በንጉሡ ዘመን ከገጠር ወጥቶ፣ ለመማር ሲል በሰው ቤት ያደረ ልጅ ታሪክ ነው። ሁለተኛው በደርግ ጊዜ ከብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የተደበቀ ልጅ ታሪክ ነው። ሦስተኛው የዛሬ ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅ።

አንድ ክረምት የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው ከመደርደሪያው ሁሉ መርጦ ያረፈው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው። ሽፋናቸው ረግፎ፣ ገጻቸው ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ አብጦ ተገኘ። ጋሽ ልሳኑ ፀሐይ ላይ አሰጣቸውና እንዳይጣመሙ ደራርቦ ድንጋይ ጫነባቸው። ከዚያ ረሳቸው። ከሳምንታት በኋላ ድንጋዩን ሲያነሳ ከሥሩ ያገኘው ተጣብቆ አንድ የሆነ ክምር ነው። ሁለቱን ውሃ በልቷቸዋል፣ የተረፈው አንዱ ነው ብሎ ደመደመ። ክምሩ መወፈሩን አይቷል፤ እርጥበት ያሳበጠው መሰለው። ሰው ኪሳራን ቶሎ ያምናል።

የአከራዮች ደንብ የታወቀ ነው። ብዙ እጅ የነካካው መጽሐፍ ሲያድፍ ጠርዙን በስለት ይከረክሙታል፣ ጀርባውን በወስፌ ወግተው በሲባጎ ይሰፉታል፤ አዲስ ይመስላል። እሱም ከረከመ። በዚያ ቀን ግን እጁ ጠና አለና የገጹ ቁጥርና ከገጹ ራስ ላይ የታተመው የመጽሐፉ ስም ከእድፉ ጋር ተቆርጠው ወደቁ። መነጽሩ ደግሞ የግራው ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ወጋ፣ ሰፋ፣ ኮላ ቀባ፣ የመኮሮኒ ካርቶን ቆርጦ ሸፈነው። የትኛው መጽሐፍ እንደተረፈ እንኳ ስላላወቀ በላዩ ላይ በስክሪፕቶ «የልጁ ታሪክ» ብሎ ጻፈ። መጽሐፍ አከራይ እንዴት መጽሐፉን አያውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ ሥጋ የሚሸጥ ሁሉ ሥጋ አይበላም።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መጽሐፉ ወጣ፤ ተነበበ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሦስት መጽሐፍ ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። የልጁ ስም መካከል ላይ ሲለወጥ አንባቢው «ጊዜው ክፉ ነው፤ ስሙን ቀይሮ ነው» ይላል። እናቱ መጀመሪያው ላይ ተቀብራ መካከሉ ላይ ስንቅ ስትልክለት «በሕልሙ ነው» ይላል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህርማ ደራሲው ረቂቅ ሰው መሆኑን፣ ጊዜን እንደ ገመድ እንደሚያጥፍና እንደሚዘረጋ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለግማሽ ሰዓት አስረድቷል። ጋሽ ልሳኑም ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

በዚያው ከተማ አድማሱ የሚባል ጎሚስታ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ጎማ እየጠገነ ልጆቹን አሳድጓል። የመጨረሻው ልጁ በሪሁን ቅየሳ ተምሮ በዲግሪ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን የቀየሰው ግን ከቤቱ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ያለውን መንገድ ብቻ ነው።

አባትና ልጅ አይግባቡም ነበር። አባት አፉን ሲከፍት «እኛ በናንተ ዕድሜ» ብሎ ይጀምራል። ልጅ ደግሞ በእናንተ ጊዜ ሥራ ሰው ይፈልግ ነበር፣ ዛሬ ሰው ሥራ ይለምናል፣ አንተ ችግርን የት ታውቀዋለህ ይለዋል። ይህ ሲደጋገም ሁለቱም ሰለቻቸውና መነጋገሩን ተዉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው በእናት በኩል ይላላካሉ። «ጨው ያቀብልሽ በይው» ይላል አባት። ልጅም ጨዉን ለእናቱ ይሰጣል፤ እናት ለአባት ትሰጣለች። ጨው እንኳ መልእክተኛ ያስፈለገው ቤት ነበር።

አድማሱን ከሁሉ የሚያናድደው የልጁ ጫማ ነው። በሪሁን በየማለዳው ጫማውን ይወለውላል፣ ያስራል፣ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። አባቱም አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «እነዚህ ጫማዎች የት የሚደርሱ ናቸው?» ብሎ ስቆበታል። ልጁ በማግስቱም ጫማውን ወለወለ።

በሪሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለመሄድ ተስማማ። መንገዱ የሚታወቀው ነው፤ መጀመሪያ ድንበር፣ ከዚያ በረሃ፣ ከዚያ ባሕር። የሚያሻግራቸው ደላላ ሐሙስ ማለዳ እንነሳለን ብሏቸዋል። በሪሁን ለእናቱ ብቻ ነገራት፤ እናት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻዋ መሸከም አልቻለችምና ለአባቱ ነገረችው።

አድማሱ ልጁን አትሂድ ሊለው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለወራት ያላነጋገረውን ልጅ ከየት ጀምሮ አትሂድ ይለዋል? አንድ ነገር ትዝ አለው። በሪሁን መጽሐፍ ተከራይቷል፤ መታወቂያው ጋሽ ልሳኑ መሳቢያ ውስጥ ናት። ያለ መታወቂያ የመጀመሪያውን ኬላ አያልፍም። መጽሐፉ ካልተመለሰ ደግሞ መታወቂያዋ አትወጣም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጁ ጫማውን አስሮ እንደወጣ፣ ያን ወፍራም መጽሐፍ ከፍራሹ ሥር አውጥቶ ወደ ሥራው ቦታ ወሰደና የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ልጁን መያዝ ቢያቅተው መጽሐፉን ያዘ።

በሪሁን ቤቱን አመሰቃቅሎ ፈለገ። ሲያጣው ጋሽ ልሳኑ ዘንድ ሄዶ መጽሐፉ እንደጠፋ ነገረውና መታወቂያውን ለመነ። አከራዩ ሕጉን ጠቀሰለት። በሪሁንም ተናዶ፣ እንዲህ የምትሳሳለት መጽሐፍ አንድ መጽሐፍ እንኳ አይደለም፣ ሦስት ነው አለው። ቀያሽ ነውና ልክ ያልሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የወረቀቱ ቀለም መካከል ላይ እንደሚለወጥ፣ ፊደሉ አንዴ ደቀቅ አንዴ ገዘፍ እንደሚል፣ የሞተችው እናት ስንቅ እንደምትልክ አንድ በአንድ ዘረዘረለት። ጋሽ ልሳኑ ላቡን ጠረገ። የሁለት ዓመቱ አንባቢ ሁሉ፣ መምህሩ ጭምር፣ ፊቱ ላይ ተደቀነ። አፈረ። ሕጉ ግን ሕግ ነው።

«እንግዲያው የባሰ ነው» አለ። «አንዱን ወስደህ ሦስት አጥፍተሃል። አምጣና መታወቂያህን ውሰድ፤ እኔም ፈትቼ እንደየራሳቸው እሰፋቸዋለሁ።»

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። በዝናብ ጎማ የሚያስጠግን አልመጣምና አድማሱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሳጥኑን ከፈተ። ልጁን የያዘለት መጽሐፍ ምን እንደሚል ማወቅ ፈለገ። አንባቢ ሰው አይደለም፤ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው።

መጀመሪያው ላይ ያለው ልጅ ዘመድ ተብሎ በተሰጠበት ቤት ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ደጃፉ ላይ ይተኛል። የሚጠሩት በስሙ አይደለም፤ «አንተ» ነው። ትምህርት ቤት የሚሄደው ሥራውን ከጨረሰ ነው። ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ሲኖር ራሱን የዳበሰው ሰው አልነበረም፤ ሲያድግም የሰው ራስ መዳበስ አልቻለበትም። አድማሱ እዚህ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። አባቱ ትዝ አለው። አባቱ በሰው ቤት አድሮ የተማረ ሰው ነበር። ሲስቅ አይቶት አያውቅም፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦት አያውቅም። አድማሱ ዕድሜውን ሙሉ አባቴ ይጠላኝ ነበር ብሎ ነው የኖረው፤ ከተቀበረ እንኳ አስራ አንድ ዓመት ሆኖት ይህን ሐሳብ አልተወውም ነበር። ያን ቀን ተወው።

ረቡዕ ጧት ሁለተኛውን አነበበ። ልጁ ስሙ ተለውጧል፤ አድማሱ ግን አልደነቀውም። በዚያ ዘመን ስሙን ያልቀየረ ማን ነበር? ልጁ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል። መልማዮቹ ጓደኛውን ከደጅ እየጎተቱ ሲወስዱት በጭቃው ስንጥቅ በኩል ያያል፤ መጮህ ይፈልጋል፣ አይጮህም። አድማሱ በአስራ ሰባት ዓመቱ አክስቱ ጎተራ ውስጥ አርባ ቀን ተደብቋል። ጓደኛው ፈንታሁን ከዚያው ግቢ ደጃፍ ተወስዶ አልተመለሰም። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰውን ሁሉ «እኛ በናንተ ዕድሜ» ሲል የኖረው አድማሱ በእነሱ ዕድሜ ምን እንዳደረገ ተናግሮ አያውቅም ነበር። መጽሐፉ ላይ እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም።

ከምሳ በኋላ ሦስተኛው መጣ። ልጁ አሁን የሚኖረው ሞባይል ባለበት ዘመን ነው። በየማለዳው ጫማውን ወልውሎ ይወጣል፤ መሄጃ የለውም። ከተማውን ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። የሚወጣው ሥራ ፈትቶ መቀመጡን አባቱ እንዳያይ ነው።

አድማሱ የሚያነበው ስለ አንድ ልጅ ነው። ያ ደጃፍ ላይ የተኛው፣ ያ ጎተራ ውስጥ የተቆራመደው ልጅ፣ ያን ሁሉ አልፎ አሁን ደግሞ ጫማውን እየወለወለ መሄጃ አጥቷል። እስከ መቼ ነው ይህ ልጅ የማያርፈው ብሎ አዘነለት። ከልቡ አዘነለት። ካዘነለት በኋላ ነው ልጁ የገዛ ልጁ መሆኑ የገባው።

መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ተነሳ። ዝናቡ አላቆመም።

በሪሁን አከራዩ ሱቅ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ እየለመነ ነበር። አባቱ ሲገባ አየውና ወደ መደርደሪያው ዞረ። አድማሱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለ። «መታወቂያውን ስጠው።»

ጋሽ ልሳኑ መጽሐፉን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ መታወቂያዋን አውጥቶ ለበሪሁን ሰጠው። ሕግ ነውና። ወስፌውንም አነሳ። አድማሱን ይቅርታ ጠየቀው፤ የእጄ ስህተት ነው፣ ሦስት የተለያዩ ልጆችን አንድ ላይ ሰፍቻቸዋለሁ፣ አሁኑኑ እፈታቸዋለሁ አለ።

«ሦስት?» አለ አድማሱ። «እኔ ያነበብኩት አንድ ልጅ ነው።»

«እናቱ መጀመሪያ ሞታ የለም እንዴ? በኋላ ስንቅ ስትልክ አላየህም?»

«እናት ሞታም ስንቅ መላክ አትተውም» አለ አድማሱ። «አትፍታው።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። በእናት በኩል የሚላክ አልነበረም፤ እናት እዚያ የለችም።

«የጎተራው እኔ ነኝ» አለው። «አርባ ቀን። ፈንታሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ሲወስዱት እያየሁ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ደጃፍ ላይ የሚያድረው አያትህ ነው። ጫማውን የሚወለውለውን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። የሳቅኩበት እኔ ነኝ።»

በሪሁን መታወቂያዋን በእጁ ይዞ ቆመ። አባቱ ቀጠለ።

«ሂድም አልልህ፣ ቅርም አልልህ። እዚያ ጎተራ ውስጥ ሆኜ ስመኘው የነበረው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው መጥቶ እንዴት ነህ እንዲለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔም አልጠየቅኩህም። እንዴት ነህ ልጄ?»

ይህች ቃል በእኛ አገር በቀን መቶ ጊዜ ትባላለች። የሚላትም መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ የሚመልሳትም ሳያስብ ይመልሳል። በሪሁንም እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ሊል አፉን ከፈተ። አባቱ ግን ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

«ደህና አይደለሁም አባዬ» አለ።

ሐሙስ ማለዳ የደላላው መኪና ሁለቱን ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። አንደኛው ከብዙ ወር በኋላ ስልክ ደወለ፤ ሌላው እስካሁን አልደወለም። በሪሁን በተከታዩ ሳምንት ሥራ አገኘ ብዬ ታሪኩን ባሳምረው ደስ ባለኝ፤ አላገኘም። ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከአባቱ ጋር ጎማ ሲጠግን ቆይቶ፣ ሌላ ከተማ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ቀያሽ ሲፈልግ ሄደ። አባቱ መርቆ ሸኘው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ነው የሚጨቃጨቁት፣ ጨዉንም እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ፈንታሁን የሚለው ስም በዚያ ቤት ብዙ ጊዜ ተነሳ። በአያትየውም መቃብር ላይ የወደቀው ድንጋይ ተነስቶ በሲሚንቶ ተያዘ።

ጋሽ ልሳኑ መጽሐፉን አልፈታውም። ወስፌውን መልሶ ሰቀለ፤ ካርቶኑ ላይ የጻፈውን ሰርዞ «አንድ ልጅ» ብሎ ጻፈበት። እሱ ራሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው ይባላል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት አጭር ነው። ችግር በየዘመኑ ልብሱን ይቀይራል፤ አንዴ ጌታ፣ አንዴ መልማይ፣ አንዴ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኖ ይመጣል። የሚመጣበት ልጅ ግን ያው ነው፤ የሚፈልገውም ያው ነው። «በኛ ጊዜ» የሚል ሽማግሌ መጨረሻውን ያላነበበው መጽሐፍ ይዟል፤ «እናንተ የት ታውቁታላችሁ» የሚል ወጣትም መጀመሪያው የተገነጠለ መጽሐፍ ይዟል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን የያዙት ቁራጭ ሙሉ መጽሐፍ መስሏቸዋል። አንድ መነጽሩ የተሰነጠቀ ሰው በስህተት የሰፋውን እኛ ዓይናችን እያየ ስንፈታው እንኖራለን።

አንተስ፣ ዛሬ ለቤተሰብህ «እንዴት ነህ» ብለህ ስታልፍ፣ መልሱን ቆመህ ጠብቀሃል?